ሁለት ሽቦ ለምን አስፈለገ? የኤሌክትሪክ መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦች

ከመንገድ ዳር ምሰሶ ተነሥቶ ወደ መኖሪያ ቤት የሚገባውን የኤሌክትሪክ መስመር ልብ ብለን ብናይ ቢያንስ ሁለት ሽቦ አለው። ባለሙያዎች አንዱን ፌዝ፣ ሌላውን ኒውትራል ይሉታል። ብዙዎቻችን ኤሌክትሪክ ከግድብ ተነሥቶ፣ በሽቦ ተጉዞ፣ ቤታችን ገብቶ የሚያልቅ ነገር ይመስለናል። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ግን መግቢያው ሽቦ ብቻ በበቃን ነበር፤ መመለሻ ባላስፈለገን። ሁለተኛው ሽቦ መኖሩ ሐሳባችንን ደግመን እንድንመረምር ይጋብዘናል።

በዕለታዊ ንግግር «መብራት»፣ «ኮረንቲ»፣ «ኃይል» እያልን የምንቀላቅላቸው ስድስት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦች አሉ፤ እነርሱም ሙል፣ ጅረት፣ ቮልቴጅ፣ ተቃውሞ፣ ጉልበትና አቅም ናቸው። በዚህ ትምህርት አንድ በአንድ እንለያቸዋለን፤ አንዱን በሚገባ ሳንረዳም ወደ ሌላው አንሻገርም። ስንጨርስ በሽቦው ውስጥ ሄዶ የሚመለሰው ምን እንደሆነ፣ ቤታችን የሚቀረው ደግሞ ምን እንደሆነ ለይተን መናገር እንችላለን። ይህን የለየ ተማሪ ቆጣሪው ምን እንደሚቆጥርና ሽቦ ለምን እንደሚግል ይረዳል፤ ራሱንና ቤተሰቡንም ከአደጋ ለመጠበቅ ይበቃል።

ሙል

ቁስ ሁሉ ከአቶሞች የተሠራ ነው። በአቶም መካከል ኒውክለስ አለ። በኒውክለሱ ውስጥ ፕሮቶኖች፣ ከኒውክለሱ ውጭ ደግሞ ኤሌክትሮኖች ይገኛሉ። ፕሮቶንና ኤሌክትሮን ይሳሳባሉ። ኤሌክትሮንና ኤሌክትሮን ግን ይገፋፋሉ፤ ፕሮቶንና ፕሮቶንም እንዲሁ። ቅንጣቶቹ እንዲህ እንዲሳሳቡና እንዲገፋፉ የሚያደርጋቸው ባሕርይ የኤሌክትሪክ ሙል ይባላል። በክፍል ውስጥ «ቻርጅ» ሲባል የምትሰሙትም ይኸው ነው። የፕሮቶን ሙል አዎንታዊ፣ የኤሌክትሮን ሙል አሉታዊ ተብሏል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ አጭር ነው፦ ተመሳሳይ ሙሎች ይገፋፋሉ፤ ተቃራኒ ሙሎች ይሳሳባሉ።

ይህን በቀላሉ መሞከር ይቻላል። የፕላስቲክ እስክሪብቶ በደረቅ ፀጉር ላይ ደጋግማችሁ አሹና በጥቃቅኑ ወደተቀደደ ወረቀት አቅርቡት። ቁርጥራጮቹ ብድግ እያሉ ይለጠፉበታል። ታዲያ በማሸት ሙል ፈጠርን ማለት ነው? አይደለም። ኤሌክትሮኖች ከፀጉሩ ወደ ፕላስቲኩ ተሻገሩ እንጂ አዲስ ሙል አልተፈጠረም። ፕላስቲኩ ያገኘው አሉታዊ ሙል ከፀጉሩ የጎደለው ነው። ሙል አይፈጠርም፣ አይጠፋም፤ ከቦታ ወደ ቦታ ይዘዋወራል እንጂ። ይህን ዐረፍተ ነገር በደንብ ያዙት፤ የዛሬው ትምህርት ሁሉ በእርሱ ላይ ይቆማል።

የሙል መለኪያ ኩሎምብ ነው። ስያሜው በሙሎች መካከል ያለውን ኃይል ለክቶ እ.ኤ.አ. በ1785 ሕጉን ካስታወቀው ፈረንሳዊ ሳይንቲስት ከሻርል ኩሎምብ የመጣ ነው። አንድ ኩሎምብ አሉታዊ ሙል ለማግኘት ወደ 6.24 ቢሊዮን ቢሊዮን ኤሌክትሮኖች ያስፈልጋሉ።

ቁሶች ሙልን በማሳለፍ ይለያያሉ። እንደ መዳብና አሉሚኒየም ባሉ ብረታ ብረቶች ውስጥ አንዳንድ ኤሌክትሮኖች ከአንድ አቶም ጋር ተጣብቀው አይቀሩም፤ በቁሱ ውስጥ እንደ ልብ ይንቀሳቀሳሉ። እንዲህ ያለው ቁስ አስተላላፊ ይባላል። በፕላስቲክ፣ በጎማ፣ በመስታወትና በደረቅ እንጨት ውስጥ ግን ኤሌክትሮኖቹ ከየአቶማቸው ጋር ስለተያያዙ መንቀሳቀስ አይችሉም፤ እነዚህ ኢ-አስተላላፊ ይባላሉ። የቤታችን ሽቦ ውስጡ መዳብ፣ ልባሱ ፕላስቲክ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ቀጣዩ ከመሄዳችን በፊት እናጠቃልል። ሙል የቅንጣቶች ባሕርይ ነው፤ ሁለት ዓይነት ነው፤ አይፈጠርም፣ አይጠፋም። በአስተላላፊ ውስጥ ይንቀሳቀሳል፣ በኢ-አስተላላፊ ውስጥ ግን አይንቀሳቀስም።

ጅረት

እስክሪብቶው ላይ የተጠራቀመው ሙል ባለበት የሚቀመጥ ነው። ሙል በአስተላላፊ ውስጥ በአንድነት ሲፈስ ፍሰቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይባላል፤ ባለሙያዎች «ከረንት» የሚሉት ነው። የጅረት መጠን ማለት በሽቦው አንድ ቦታ ላይ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚያልፈው ሙል ማለት ነው። መለኪያው አምፔር ነው። በአንድ ሰከንድ አንድ ኩሎምብ ሙል ሲያልፍ ጅረቱ አንድ አምፔር ነው እንላለን።

እዚህ ላይ ልንለያቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የአቅጣጫ ጉዳይ ነው። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሙሎችን አዎንታዊና አሉታዊ ብሎ ሲሰይም ኤሌክትሮን ገና አልታወቀም ነበር። እንግሊዛዊው ጄ. ጄ. ቶምሰን ኤሌክትሮንን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። በዚያን ጊዜ ጅረት ከአዎንታዊ ወደ አሉታዊ እንደሚሄድ አድርጎ መጻፍ ልማድ ሆኖ ነበር። በብረት ሽቦ ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ኤሌክትሮኖች ግን ከአሉታዊው ወደ አዎንታዊው ነው የሚሄዱት። መጻሕፍት እስከ ዛሬ የቀድሞውን ልማድ ይከተላሉ። ስሌቱ ትክክል ሆኖ ስለሚወጣ ግራ ሊያጋባችሁ አይገባም፤ የሥዕሉ ቀስት በአንድ በኩል፣ የኤሌክትሮኖቹ ጉዞ በተቃራኒው እንደሆነ ማወቅ ይበቃል።

ሁለተኛው የፍጥነት ጉዳይ ነው። ማብሪያውን ስንጫን አምፖሉ ወዲያው ይበራል። ስለዚህ ኤሌክትሮኖች በብርሃን ፍጥነት የሚሮጡ ይመስለናል። እውነቱ ሌላ ነው። በቤታችን ሽቦ ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች በአንድ አቅጣጫ የሚገፉት በሰከንድ ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ አዝጋሚ ፍጥነት ነው። ፈጣኑ ግፊቱ ነው። ሽቦው ከዳር እስከ ዳር በኤሌክትሮን የተሞላ ስለሆነ ማብሪያው ሲጫን ግፊቱ በሽቦው ርዝመት ሁሉ ወደ ብርሃን ፍጥነት በሚጠጋ ፍጥነት ይደርሳል፤ ሁሉም ኤሌክትሮኖች በአንድ ጊዜ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ።

ሦስተኛው የጅረት ዓይነት ነው። ከባትሪ ድንጋይ የሚወጣው ጅረት አቅጣጫውን አይለውጥም፤ ቀጥተኛ ጅረት ይባላል። ከግድብ መጥቶ ቤታችን የሚገባው ግን ተለዋዋጭ ጅረት ነው። በኢትዮጵያ በሰከንድ 50 ዙር ይሠራል፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚገለበጥ አቅጣጫውን በሰከንድ 100 ጊዜ ይለውጣል። እንግዲህ ኤሌክትሮኖቹ አዝጋሚ ከሆኑና ወዲያ ወዲህ ብቻ ከተወዛወዙ፣ አምፖላችን ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከዓባይ ዳር የመጡ አይደሉም ማለት ነው። አምፖሉና ሽቦው ሲሠሩ ጀምሮ እዚያው የነበሩ ናቸው።

ዑደት

ጅረት እንዲኖር ሙል ዞሮ የሚመለስበት ያልተቋረጠ መንገድ ያስፈልጋል። ይህ መንገድ የኤሌክትሪክ ዑደት ይባላል። ከባትሪ ድንጋይ አንድ ጫፍ ተነሥቶ፣ በሽቦ ወደ አምፖል ሄዶ፣ በሌላ ሽቦ ወደ ድንጋዩ ሌላ ጫፍ የሚመለስ መንገድ ዑደት ነው። ማብሪያ ማጥፊያ ይህን መንገድ ከመክፈትና ከመዝጋት የተለየ ሥራ የለውም። መንገዱ በየትኛውም ቦታ ላይ በፀጉር ያህል ክፍተት ቢቋረጥ ጅረቱ በሽቦው ሁሉ ይቆማል።

አሁን የትምህርታችን ዋና ጥያቄ ላይ ደረስን፦ አምፖሉ ጅረቱን ይበላዋል? መልሱን በሙከራ እናግኝ። በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ሁለት አምሜትር፣ ማለትም ሁለት የጅረት መለኪያ፣ ውሰዱ። አንዱን ከአምፖሉ በፊት፣ ሌላውን ከአምፖሉ በኋላ በዚያው ዑደት ላይ አስገቡ። አምፖሉ ቦግ ብሎ ሲበራ መርፌዎቹን ተመልከቱ። የመጀመሪያው 0.3 አምፔር ካሳየ ሁለተኛውም 0.3 አምፔር ያሳያል። ወደ አምፖሉ የገባው ሙል ሁሉ ከአምፖሉ ወጥቷል።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ከመጀመሪያው ክፍል እናውቃለን። ሙል አይጠፋም። ስለዚህ የገባው መውጣት አለበት፤ ለዚህም መውጫ መንገድ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ሽቦ የተዘረጋው ለዚህ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ መለስን፤ ነገር ግን ሌላ ጥያቄ ተወለደ። ጅረቱ ካልተበላ አምፖሉ ብርሃኑን ከየት አመጣው? የባትሪ ድንጋይስ «አለቀ» የምንለው ምኑ አልቆ ነው? ይህን ለመመለስ ቮልቴጅን ማወቅ አለብን።

ቮልቴጅ

ኤሌክትሮኖች በሽቦ ውስጥ ስላሉ ብቻ አይፈሱም፤ የሚገፋቸው ይሻሉ። ባትሪ ወይም ጄኔሬተር ይህን ግፊት የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ኩሎምብ ሙል ጉልበት በማስጨበጥ ነው። ጉልበት ማለት ሥራ የመሥራት ችሎታ ነው፤ መለኪያውም ጁል ነው። ቮልቴጅ ማለት በሁለት ነጥቦች መካከል አንድ ኩሎምብ ሙል ሲያልፍ የሚሰጠው የጉልበት መጠን ነው። አንድ ኩሎምብ አንድ ጁል ከሰጠ ቮልቴጁ አንድ ቮልት ይባላል። የተለመደው የባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው፤ ይህም በዑደቱ የሚያልፈው እያንዳንዱ ኩሎምብ 1.5 ጁል ያደርሳል ማለት ነው። የቤታችን መስመር 220 ቮልት ነው፤ በእርሱ ላይ አንድ ኩሎምብ 220 ጁል ያደርሳል።

ለማስታወስ እንዲረዳችሁ በግቢ ማማ ላይ የተሰቀለ የውሃ ሮቶ አስቡ። ሮቶው ከፍ ባለ ቁጥር ቧንቧው ላይ ያለው ግፊት ይበረታል። የሮቶው ከፍታ እንደ ቮልቴጅ፣ በቧንቧው ውስጥ የሚወርደው ውሃ እንደ ጅረት ነው። ቧንቧው ተዘግቶ ሳለ ውሃ ባይወርድም ግፊቱ ግን አለ። ሶኬትም እንዲሁ ነው፤ ምንም ሳይሰካበት ጅረት የለም፣ ቮልቴጅ ግን አለ። ምሳሌው የሚያገለግለን እስከዚህ ነው። ቧንቧ ቢቆረጥ ውሃው ይፈሳል፤ ሽቦ ቢቆረጥ ግን ኤሌክትሮን ወደ መሬት አይንጠባጠብም፤ ጅረቱ ይቆማል እንጂ።

ከዚህ አንድ አስፈላጊ ልዩነት እንውሰድ። ጅረት በአንድ ቦታ ውስጥ የሚያልፍ ነው፤ ቮልቴጅ ግን በሁለት ነጥቦች መካከል ያለ ልዩነት ነው። «በዚህ ሽቦ ውስጥ ምን ያህል ጅረት አለፈ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። «ምን ያህል ቮልቴጅ አለፈ?» ማለት ግን ስሕተት ነው፤ ቮልቴጅ አያልፍም።

የመጀመሪያውን ባትሪ እ.ኤ.አ. በ1800 ያስተዋወቀው ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ ነው። የዚንክና የመዳብ ዝርግ ክቦችን በጨው ውሃ በተነከረ ወረቀት እየለየ ደረደራቸው። በባትሪ ውስጥ ጉልበቱ የሚመጣው ከኬሚካላዊ ለውጥ ነው። እንግዲህ የባትሪ ድንጋይ ሲያልቅ ያለቀው ሙል አይደለም። ኤሌክትሮኖቹ በቁጥር አልቀነሱም፤ ያለቀው ለእነርሱ የሚሰጠው የኬሚካል ጉልበት ነው። ስልክ «ቻርጅ» ስናደርግም ባትሪው ውስጥ ሙል አንጨምርም፤ በአንድ በኩል የገባው በሌላው ይወጣል። የምናጠራቅመው ጉልበት ነው።

ተቃውሞና የኦም ሕግ

ኤሌክትሮኖች በሽቦ ውስጥ ሲጓዙ በመንገዳቸው ካሉ አቶሞች ጋር እየተጋጩ ይሰናከላሉ። አንድ አካል ለጅረት የሚያሳየው እንቅፋት ተቃውሞ ይባላል፤ መለኪያውም ኦም ነው። ሽቦ በረዘመ ቁጥር ተቃውሞው ይጨምራል፤ በወፈረ ቁጥር ይቀንሳል። የተሠራበት ቁስም ይወስነዋል። በእንጀራ ምጣድ ሸክላ ሥር ባለው ቦይ ውስጥ የሚጠመጠመው ሽቦ ከኒኬልና ከክሮሚየም ቅይጥ የተሠራ ነው፤ ርዝመቱና ውፍረቱ እኩል የሆነ የመዳብ ሽቦ ካለው ተቃውሞ ከ50 ጊዜ በላይ የሚበልጥ ተቃውሞ አለው።

ጀርመናዊው መምህር ጆርጅ ሲሞን ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሥራው ሦስቱን መጠኖች በአንድ ሕግ አያያዛቸው፦

ቮልቴጅ = ጅረት × ተቃውሞ

ሕጉ የሚለው ይህን ነው። ተቃውሞው ሳይለወጥ ቮልቴጁ በእጥፍ ቢያድግ ጅረቱም በእጥፍ ያድጋል። ቮልቴጁ ሳይለወጥ ተቃውሞው በእጥፍ ቢያድግ ጅረቱ በግማሽ ይቀንሳል። ለምሳሌ 220 ቮልት ላይ የተሰካ ምጣድ 14 ኦም ያህል ተቃውሞ ቢኖረው፣ 220ን ለ14 ስናካፍል ጅረቱ 15.7 አምፔር ገደማ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚስተው ነገር አለ። ሶኬት ጅረትን በግድ አይሞላብንም። ሶኬቱ የሚያቀርበው ቮልቴጅ ነው። ምን ያህል ጅረት እንደሚያልፍ የሚወስነው የተሰካው ዕቃ ተቃውሞ ነው። አምፖልና ምጣድ ከአንድ ቤት መስመር፣ በአንድ ቮልቴጅ እየተመገቡ በጣም የተለያየ ጅረት የሚያሳልፉት ለዚህ ነው።

አቅምና ጉልበት፤ ቆጣሪው ምን ይቆጥራል?

ጉልበት ምን እንደሆነ አይተናል። አቅም ማለት ደግሞ ጉልበት የሚሰጥበት ፍጥነት ነው፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጁል ተሰጠ ማለት ነው። መለኪያው ዋት ነው። አንድ ዋት ማለት በሰከንድ አንድ ጁል ነው። ቮልት የእያንዳንዱን ኩሎምብ ጉልበት፣ አምፔር ደግሞ በሰከንድ የሚያልፈውን ኩሎምብ ስለሚነግረን ሁለቱን ማባዛት አቅሙን ይሰጠናል፦

አቅም = ቮልቴጅ × ጅረት

ከምጣዱ ጎን የተለጠፈችውን ትንሽ ሰሌዳ አንብቡ። 220 ቮልት፣ 3500 ዋት የሚል ጽሑፍ አገኛችሁ እንበል። 3500ን ለ220 ብናካፍል ጅረቱ 15.9 አምፔር ገደማ ነው። 60 ዋት አምፖል ግን በዚያው ቮልቴጅ 0.27 አምፔር ብቻ ያሳልፋል።

አቅምን በጊዜ ስናባዛው ጉልበትን እናገኛለን። ጁል ለቤት ሒሳብ በጣም ትንሽ መለኪያ ስለሆነ ቆጣሪ የሚጠቀመው ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ይህ የ1000 ዋት ዕቃ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚወስደው ጉልበት ነው፤ 3.6 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። 3500 ዋቱ ምጣድ ሁለት ሰዓት ሙሉ በርቶ ቢቆይ 3.5 ሲባዛ በ2፣ ማለትም 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ቆጣሪው ላይ ይጨምራል።

አሁን ጥያቄያችን ሙሉ መልስ አገኘ። ቆጣሪው ኤሌክትሮን አይቆጥርም። በፌዝ የገባው ጅረት በኒውትራል ሳይጎድል ይመለሳል። ቤታችን የቀረው ጉልበቱ ነው፤ እርሱም ምጣዱ ላይ ሙቀት፣ አምፖሉ ላይ ብርሃንና ሙቀት፣ በማቀዝቀዣው ሞተር ላይ እንቅስቃሴ ሆኗል። ገንዘብ የምንከፍለው ለዚህ ጉልበት ነው። ጉልበትም ቢሆን ከዓለም አይጠፋም፤ መልኩን ይለውጣል እንጂ።

ሽቦ ለምን ይግላል?

የኦምን ሕግና የአቅምን ቀመር ብናጣምር ሌላ ጠቃሚ ቀመር ይወጣል፦

በሙቀት የሚወጣ አቅም = ጅረት × ጅረት × ተቃውሞ

ይህን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በልኬት ያረጋገጠው እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል ነው። ጅረት ሁለት ጊዜ መባዛቱን አስተውሉ። ጅረቱ በእጥፍ ቢጨምር ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ጅረቱ አሥር እጥፍ ቢሆን ሙቀቱ መቶ እጥፍ ይሆናል።

ይህን ቤታችን በሚገኝ ነገር እንየው። የላላ ዲቫይደር አለ እንበል፤ የሶኬቱ ብረት ስለሰፋ ንክኪው ሳስቶ ግማሽ ኦም ተቃውሞ ፈጥሯል። 60 ዋት አምፖል ብቻ ብናበራበት 0.27 ሲባዛ በ0.27 ሲባዛ በ0.5፣ ማለትም ወደ 0.04 ዋት ሙቀት ይወጣል። ማንም አያስተውለውም። በዚያው ዲቫይደር ላይ ምጣድ ብንሰካ ግን ጅረቱ 16 አምፔር ያህል ይሆናል፤ 16 ሲባዛ በ16 ሲባዛ በ0.5፣ 128 ዋት ሙቀት ይወጣል። ይህ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው ከጥፍር በማይበልጥ ብረት ላይ ነው። ፕላስቲኩ መሽተት ይጀምራል፤ ቀዳዳው ዙሪያ ይጠቁራል፤ እሳትም ሊነሣ ይችላል። «ለአምፖል ስንጠቀምበት ደህና ነበር» ማለት ለምጣድም ይሆናል ማለት እንዳልሆነ አሁን በቁጥር አየን።

የቤት ዕቃዎች የሚያያዙበት መንገድም ከዚህ ጋር ይገናኛል። ዕቃዎች በአንድ መንገድ ላይ ተከታትለው ሲያያዙ የተከታታይ ግንኙነት ይባላል፤ አንዱ ሲቋረጥ ሁሉም ይቆማሉ። እያንዳንዱ የራሱ መንገድ ኖሮት በሁለቱ ዋና ሽቦዎች መካከል ሲያያዝ የትይዩ ግንኙነት ይባላል። የቤት መስመር ትይዩ ነው፤ ሁሉም ዕቃ 220 ቮልት ያገኛል፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይሠራል። ነገር ግን በትይዩ ግንኙነት የየዕቃው ጅረት በዋናው ሽቦ ላይ ይደመራል። 15.9 አምፔር የሚወስድ ምጣድና 9.1 አምፔር የሚወስድ 2000 ዋት ምድጃ በአንድ መስመር ላይ ቢበሩ 25 አምፔር ይሆናል። ብሬከር ወይም ፊውዝ ጅረቱ ሽቦው ከሚችለው በላይ ሲሆን ዑደቱን የሚቆርጥ መሣሪያ ነው። ብሬከር ደጋግሞ ሲጥል ተገቢው እርምጃ ጭነቱን መቀነስ ወይም ባለሙያ መጥራት ነው፤ በትልቅ ብሬከር መተካት ወይም ፊውዙን በሽቦ ማሰር ጠባቂውን ማሰናበት ነው።

ይኸው ሕግ የሀገር መስመር የሚዘረጋበትን መንገድም ያስረዳል። 1 ሚሊዮን ዋት አቅም በ220 ቮልት ለመላክ ወደ 4545 አምፔር ያስፈልጋል፤ በ500,000 ቮልት ግን 2 አምፔር ይበቃል። ጅረቱ ሲያንስ በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ጉልበት እጅግ ያንሳል። ከታላቁ የህዳሴ ግድብ ተነሥቶ በዴዴሳ በኩል ወደ ሆለታ የሚዘልቀው መስመር 500 ኪሎ ቮልት እንዲሆን የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ትራንስፎርመሮች ቮልቴጁን በየደረጃው እያወረዱ እስከ ሰፈራችን ያደርሱታል።

ጅረትና የሰው አካል

የሰው አካልም የዑደት አካል ሊሆን ይችላል። ሰውን የሚጎዳው በአካሉ ውስጥ የሚያልፈው ጅረት ነው፤ ጅረቱን የሚያሳልፈው ደግሞ በሁለት የአካል ክፍሎች መካከል ያለ ቮልቴጅ ነው። ወፍ በአንድ ሽቦ ላይ ቆማ የማትጎዳው ሁለቱም እግሮቿ በአንድ ሽቦ ላይ ስላሉና በመካከላቸው ያለው የቮልቴጅ ልዩነት ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ ነው። መሬት የረገጠ ሰው ፌዙን ቢነካ ግን በእጁና በእግሩ መካከል 220 ቮልት አለ።

ወደ አንድ ሚሊ አምፔር፣ ማለትም የአምፔር አንድ ሺሕኛ፣ ሲያልፍ ንዝረት ይሰማናል። ከ10 እስከ 20 ሚሊ አምፔር ሲደርስ ጡንቻ ስለሚኮማተር ሰው የጨበጠውን መልቀቅ ሊያቅተው ይችላል፤ ኮረንቲ ያዘው የምንለው ያን ጊዜ ነው። ከ50 እስከ 100 ሚሊ አምፔር ያህል ሲሆን የልብ ምት ተዛብቶ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። እርጥብ ቆዳ የአካልን ተቃውሞ ወደ 1000 ኦም ሊያወርደው ይችላል። 220ን ለ1000 ብናካፍል 0.22 አምፔር፣ ማለትም 220 ሚሊ አምፔር ነው። በእርጥብ እጅ ሶኬት አትንኩ የሚባለው ምክር ከዚህ ስሌት የተነሣ ነው።

አንድ ልዩነት ደግሞ አስተውሉ። 16 አምፔር ብሬከር ለ0.22 አምፔር አይቆርጥም፤ እርሱ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሰውን የሚጠብቀው በፌዝ የሄደውንና በኒውትራል የተመለሰውን ጅረት እያነጻጸረ የሚሠራ ሌላ መሣሪያ ነው። ሁለቱ እኩል መሆን እንዳለባቸው እናውቃለን። የተመለሰው ከሄደው ካነሰ የጎደለው በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው በኩል፣ እያለፈ ነው ማለት ነው። መሣሪያው 30 ሚሊ አምፔር ልዩነት ሲደርስ በቅጽበት ይቆርጣል። ሦስተኛው፣ ቢጫና አረንጓዴ ልባስ ያለው የመሬት ሽቦም ለደህንነት ነው፤ የዕቃው ብረት አካል ሳይታሰብ ፌዝ ቢነካው ጅረቱን ወደ መሬት ይወስደዋል።

ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጅ መሳብ ረዳቱንም የዑደቱ አካል ያደርገዋል። በመጀመሪያ ዋናውን ማጥፊያ አጥፉ። የቤት መስመር ሆኖ ይህ ካልተቻለ በደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ከሽቦው አላቁት። ከዚያም ፈጥናችሁ የሕክምና እርዳታ ጥሩ። ወደ ወደቀ የመንገድ መስመር ግን በፍጹም አትቅረቡ።

ማጠቃለያና መልመጃ

ሙል አይፈጠርም፣ አይጠፋም። ጅረት የሙል ፍሰት ነው፤ በዑደት ዞሮ ይመለሳል። ቮልቴጅ እያንዳንዱ ኩሎምብ በሁለት ነጥቦች መካከል የሚሰጠው ጉልበት ነው። ተቃውሞ የጅረት እንቅፋት ነው። አቅም ጉልበት የሚሰጥበት ፍጥነት ነው። ቤታችን የሚቀረውና የምንከፍልበት ጉልበት ነው።

አንደኛ፦ 5 ቮልትና 2 አምፔር የሚሰጥ የስልክ ቻርጀር አቅሙ ስንት ነው? መልሱ 10 ዋት ነው።

ሁለተኛ፦ 60 ዋት አምፖልና 9 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፖል በየቀኑ 5 ሰዓት ለ30 ቀን ቢበሩ እያንዳንዳቸው ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳሉ? የመጀመሪያው 9፣ ሁለተኛው 1.35 ይወስዳል። ስሌቱን ራሳችሁ ደግማችሁ ሥሩት።

ሦስተኛ፦ የቤታችሁን ምጣድ ሰሌዳ አንብባችሁ ጅረቱን አስሉ፤ ከዚያም የተሰካበት ሶኬት ወይም ዲቫይደር ላይ የተጻፈውን አምፔር ተመልከቱ። የምጣዱ ጅረት ከበለጠ፣ ወይም ሶኬቱ ላልቶ ወይም ጠቁሮ ካገኛችሁት፣ ምክንያቱን በቁጥር ለቤተሰቦቻችሁ አስረዱ። ለምጣዱ ብቻ የሚሆን፣ በቂ ውፍረት ያለው ሽቦና የራሱ ብሬከር ባለሙያ እስኪዘረጋለት ድረስም ምጣዱ በዚያ ሶኬት እንዳይሠራ ለምኗቸው።